እትዬ ያላስታወሰችው

በግንቦት መጨረሻ፣ ሰማዩ ገና ሳይዳምን፣ እትዬ ነጠላዎቹ ይታጠቡ አለች።

ናርዶስ ከሥራ ገብታ እጇን በፎጣ እያደረቀች ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ቀና አለች።

"የትኞቹ ነጠላዎች?"

"ነጫጮቹ፣ የኔ ልጅ። ሁሉም። የሮቤል ጋቢም ይጨመር።"

"አሁን? በግንቦት?"

"ወቅቱ ነው።"

ወቅቱ አልነበረም። ናርዶስ ብዙ ነገር ቢጠፋባትም ይህን አትስተውም። ነጠላ በብዛት የሚታጠበው ነሐሴ ሲያልቅ፣ ለዓመት መለወጫ ነው። በግንቦት ማብቂያ ሌላ ሥራ አለ። የጣሪያው አሸንዳ ከቅጠልና ከወፍ ጎጆ ይጸዳል፣ በርበሬው ዝናብ ሳይቀድመው ይሰጣል፣ ጎርፍ የአፋርን መንገድ ሳይቆርጠው ለልጇ ለያብስራ ስንቅ በቀዩ ጣሳ ተሞልቶ ይላካል፣ የክረምቱ ብርድ ልብስ ፀሐይ ይመታዋል። ዘንድሮም እትዬ ስለ አሸንዳው፣ ስለ በርበሬውና ስለ ብርድ ልብሱ በጊዜው ነግራቸው፣ ሁሉም በጊዜው ተሠርቷል። ከዚያ ነው ድንገት ወደ ነጠላ የዞረችው። ናርዶስ ትከሻዋን ነቅንቃ ነጠላዎቹን ዘፈዘፈች። እትዬን መታዘዝ የለመደ ሰው ሲገርመውም እየታዘዘ ነው።

በደብረ ብርሃን፣ ከወጥ ቤት ግድግዳ የምትናገረዋ ማሽን፣ እትዬ፣ የሌለችበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሰው ሥራ በዝቶበታል። ናርዶስ የደም ምርመራ ቤት ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ ቆማ ትውላለች፤ ባሏ ሮቤል ደግሞ ከአንድ ወንበር ሳይነሣ የጭነት ባቡሮችን ሲያሳልፍ ይውላል። ስለዚህ ወር ሲገባ ወር ሲወጣ የምታውቅላቸው እትዬ ናት። ጾም ሲገባ ትነግራቸዋለች፣ ትኋን ሲፈላ ትነግራቸዋለች፣ አንዳንድ ሐሙስ ማታም "ከሮቤል ጋር ከሰኞ ጀምሮ አላወራችሁም" ትላታለች፤ ያኔ ናርዶስ ሄዳ ታወራዋለች። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ዘመን አልፏል፤ ጭሱ እንዳይበዛ ለየቤቱ ተራ ወጥቶለታል። የነናርዶስ ተራ የሚደርሰው ጥር ላይ ነው። እትዬ "ኅዳራችን ደረሰ" ስትል፣ በጥር ብርድ ወጥተው ትንሽ ቆሻሻ በራፋቸው ላይ አቃጥለው፣ በሽታ ከአገር ውጣ ብለው ይገባሉ። ማንም አይስቅም።

ሥራ ሲበዛ ስልክ የምታነሣውም እትዬ ናት። በናርዶስ ድምፅ "ደህና ነኝ እማዬ፣ በልቻለሁ፣ አታስቢ" ትላለች። የናርዶስ እናት ወይዘሮ ብሌን ከአረርቲ በየማለዳው ይደውላሉ፤ ከገዛ ልጃቸው ጋር የሚያወሩት አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑን ግን አያውቁም። ናርዶስ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራት ነበር። እያደር ለመደችው። የእናቷም ቤት እትዬ አለች፤ አንዳንዴ ሁለቱ እትዬዎች እርስ በርስ ደህንነት ሲጠያየቁ ይውሉ ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

ያብስራ ግን እንዲህ አይደለም። ያብስራ አንድ ልጃቸው ነው፤ አፋር ውስጥ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት መብራት በሚያመነጭ ጣቢያ ይሠራል። በልጅነቱ ጫማውን ትምህርት ቤት ረስቶ በካልሲ የሚመጣ፣ የራሱ ልደት የሚጠፋበት ዝንጉ ነበር። ሥራ የጀመረ ሰሞንም እናቱ ስንት ጊዜ ደውላ ነው የሚያነሣው። ሰሞኑን ግን እራት እንደተበላ፣ ሳህኑ ሳይነሣ፣ ራሱ ይደውላል። አንድም ማታ አላጓደለም። ናርዶስ ላገኘችው ሰው ሁሉ "ሥራ ሰው አደረገው" ትላለች፤ ስትናገር ፊቷ ይበራል።

ነጠላዎቹ ደርቀው ሲታጠፉ እትዬ ወደ ሳሎን ተሻገረች። ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ይግባ። ትልቁ መስታወት ከግድግዳ ይውረድ። ምንጣፉ ይጠቅለል።

ሮቤል የሶፋውን አንድ ጫፍ ይዞ እያቃሰተ፣ "ለምንድን ነው ግን?" አለ።

"ወቅቱ ነው አለች።"

"የምን ወቅት?"

"እኔ እንጃ። የሶፋ ይሆናላ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሶፋው መኝታ ቤት ገብቶ አልጋቸውን ግማሽ ዘጋው፤ በእሱ ላይ እየተንጠላጠሉ መተኛት ጀመሩ። ባዶው ሳሎን ውስጥ ሲያወሩ ድምፃቸው ያስተጋባል። ቀጥሎ ሽሮ ይፈጭ ተባለ፤ ለሁለት ሰው ሳይሆን ለሠርግ የሚበቃ። ከዚያ ትልልቅ ድስቶች ከጎረቤት ይምጡ ተባለ። ናርዶስ ድስት ልትለምን ወጥታ በረንዳው ላይ እማማ ሶልያናን አገኘቻቸው።

እማማ ሶልያና የጎረቤታቸው ባልቴት ናቸው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። የእድሩን ወንበሮች በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ናርዶስን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

"እማማ፣ የኛዋ እትዬ ነካ ሳያደርጋት አልቀረም" አለቻቸው። "ሳሎኑን ባዶ አስደርጋ፣ ሽሮ አስፈጭታ፣ አሁን ደግሞ ድስት አምጪ ትለኛለች። እርስዎን እንዲህ ብላዎት ታውቃለች?"

አሮጊቷ አላዩዋትም። ጨርቁን አራገፉ፣ አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ።

"ታዘሽ የለ ልጄ። አድርጊዋ።"

"ለምን እንደሆነ እንኳ..."

"በልተሻል?" አሉ እማማ ሶልያና በድንገት። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። "ከስተሻል እኮ። ግቢ፣ አንድ ነገር ቅመሺ። ድስቱን እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።" ከዚያም ጉንጯን ዳበስ አደረጓት፤ ለዓመታት ጎረቤት ሆነው እንዲህ አድርገዋት አያውቁም።

ናርዶስ ደረጃው ላይ እንደቆመች ቀረች። አንድ የቆየ ማለዳ ትዝ አላት። አባቷ የሞቱ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ከዋዜማው ጎረቤቶች መጥተው "ቤቱን እናጽዳላችሁ" ብለው ሳሎኑን ባዶ አደረጉት። አንዲት ሴት እናቷን ካልበላሽ ሞቼ እገኛለሁ እያለች እንቁላል አጎረሰቻት። እናቷ ግራ ገብቷት እየሳቀች በላች። ሊነጋጋ ሲል ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ሽማግሌው ቁጭ በይ አሏት፤ መርዶውን ነገሯት። ሰፈሩ በሙሉ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ያላወቀችው እናቷ ብቻ ነበረች።

ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ገባት። እትዬ ቤቱን ለለቅሶ እያዘጋጀች ነው። ሰው ሞቷል፤ የሞተው የናርዶስ ሰው ነው።

እናቴ ናት ብላ አሰበች። ሌላ ማን አላት? ደወለች። ወይዘሮ ብሌን ወዲያው አነሡ።

"እማዬ? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ ልጄ። በልቻለሁ፣ አታስቢ።"

ይህ እሷ ቤት ያለችው እትዬ በየማለዳው የምትለው ቃል ነው። "ቀይዋ ዶሮ እንዴት ሆነች?" አለች፤ እናቷ ብቻ የምታውቀውን ነገር መፈለጓ ነበር።

"እንቁላል መጣል ጀመረችልሽ። ትናንት ለጎረቤት ሰጠሁ።"

ነገር ግን የእናቷ ቤት እትዬም እንቁላሉን ቆጥራ የምታስቀምጥ ስለሆነች ይህን ታውቃለች። ስለ እናቷ የጉልበት ሕመም ጠየቀች፤ ትክክለኛ መልስ አገኘች። ስለ ሟቹ አባቷ ጠየቀች፤ ትክክለኛ መልስ አገኘች። ስልኩን ስትዘጋ ከእናቷ ጋር ይሁን ከግድግዳ ጋር ስታወራ የቆየችው አላወቀችም። ተነሥቼ አረርቲ ልሂድ አለች፤ ደግሞም ፈራች። ሳትሄድ እስከቆየች ድረስ እናቷ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሮቤል አልጋዋ ድረስ በሶፋው ላይ ተንጠላጥሎ እንቁላል ፍርፍር አመጣላት። ሮቤል በትዳር ዘመኑ እንቁላል ጠብሶ አያውቅም፤ ግማሹ አሮ ግማሹ ጥሬ ነበር።

"ብዪ" አላት ዐይኗን ሳያይ። "ለኔ ስትዪ ብዪ።"

እሱም ያውቃል ማለት ነው። ናርዶስ ያረረውን እንቁላል ከእንባዋ ጋር ዋጠች። መርዶ የሚጠብቅ ሰው አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው፤ የሚነግሩት ሰዎች ያዘኑለትን ያህል እሱም ያላወቀ መስሎ ሊያዝንላቸው ይገባል። ስለዚህ "ጣፋጭ ነው" አለችው።

የዚያን ዕለት ማታ ሳህን ስታጥብ እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ሮቤል በዚህ ሳምንት በደንብ ይብላ። አትጨቃጨቁ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ከጎኑ አትራቂ።"

የያዘችው ሳህን ገንዳው ውስጥ ወደቀ። የእሱ ነው! የሞተው የእሱ ሰው ነው፤ ድሬዳዋ ያለው ወንድሙ ኢዮስያስ። እናቴ አለች፣ ቀይዋ ዶሮም አለች፣ እንቁላሉም እውነት ነው። ደስታው ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ደረቷ ላይ ሲደርስ እፍረት ሆነ። ኢዮስያስ በሠርጓ ቀን ሚዜ ሆኖ እስኪነጋ የጨፈረ ሰው ነው። በእሱ ሞት ደስ ተሰኘች። እንዲህ ያለች ሴት መሆኗን እስከዚያች ማታ አታውቅም ነበር።

ወጥታ ሥጋ ገዛች። ሮቤልን ጥብስ አጎረሰችው፤ እሱም መልሶ አጎረሳት። እሷ ስትነሣ እሱ ይነሣል፤ እሱ ውኃ ሲቀዳ እሷ ትቀማዋለች። ከጫጉላቸው ወዲህ እንዲህ ተሳስበው አያውቁም። አንዳንዴ ደግሞ ዐይኑ ውስጥ የምታየው ሐዘን የራሱን ሳይሆን የሷን ሐዘን የሚጠብቅ ሰው ሐዘን ይመስላትና ግራ ይገባታል። ለመሆኑ እሱን እትዬ ምን ብላው ይሆን? መጠየቅ ግን አይቻልም።

ያብስራ በየማታው ደወለ። አባትና እናት ስልኩ ፊት ተጠጋግተው ተቀምጠው የግዳቸውን ሳቁለት።

"ደህና ናችሁ?" አለ ያብስራ።

"እኛ ምን እንሆናለን። አንተ ብቻ ደህና ሁንልን።"

"እኔ ደህና ነኝ። በልቻለሁ። አታስቡ።"

ልጁ ከሩቅ ሆኖ እንዳይጨነቅ ምንም አልነገሩትም።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሁለቱም ለብሰው፣ ያልለበሱ መስለው፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተኝተው ነበር። የግቢው በር ተከፈተ። የብዙ ሰው እግር ተሰማ፤ የሚያወራ ግን የለም። ወደ ሳሎኑ ሲወጡ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ባዶውን ክፍል ሞልቶታል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኪሩቤል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ቆመዋል፤ እማማ ሶልያና ከኋላቸው ናቸው።

ናርዶስ ወደ ሮቤል ተጠግታ ክንዱን ያዘች። ሮቤልም በዚያው ቅጽበት ትከሻዋን አቀፈ።

"አይዞህ" አለች።

"አይዞሽ" አለ።

አንድ ላይ ነበር የተናገሩት። ተያዩ። "አንተ... ያንተ አይደለም እንዴ?" አለች። "ያንቺ ነው እንጂ" አለ ሮቤል። "እትዬ እኮ ናርዶስን አብላት፣ ቅዳሜ ከጎኗ እንዳትለይ ነው ያለችኝ።"

ጋሽ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሉ እንግዲህ፤ የሚናገረው ሰው ይናገር።" ዞረውም እማማ ሶልያናን አዩ።

"እኔን ነው?" አሉ እማማ ሶልያና። "እኔማ ወንበር አዘጋጂ ነው የተባልኩት። የሚነግረው ጋሽ ኪሩቤል ነው ብዬ ነው እንጂ።"

"እኔ ዘመድ ይመጣል፣ ዘመድ ይነግራቸዋል መስሎኝ።"

"ማን ነው የሞተው?" አለች ናርዶስ።

አንዱ ሌላውን አየ፤ ያኛው ደግሞ ቀጣዩን አየ። ያ ሁሉ ሰው ተነሥቶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ ለማን እንደሚያለቅስ የሚያውቅ አንድም የለም። ስም መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም እትዬውን አልጠየቀም።

ጋሽ ኪሩቤል ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ተቆጡ። "አንቺ! ማን ሞተ?"

"መርዶ የሚናገር ሰው ነው፣ አባቴ" አለች እትዬ በትሕትና። "እኔ ቤቱን ነው የማሰናዳው።"

ያን ጊዜ በሩ በኃይል ተከፍቶ ኢዮስያስ ገባ። ከድሬዳዋ ባቡር እንደወረደ ነው፤ ዐይኑ ቀልቷል። ወንድሙን ሲያይ በቆመበት ደረቀ። "ሮቤል? አለህ እንዴ?" ብሎ ተጠመጠመበት። ፊቱን በእጁ እየዳበሰ፣ የቤቴ እትዬ ነጠላ ይዘህ ደብረ ብርሃን ድረስ ብላኝ፣ አንተ መስለኸኝ እያለ አለቀሰ። ሮቤልም አለቀሰ፤ ናርዶስም አለቀሰች፤ ለደስታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ብሌን በሰው ተደግፈው ከበሩ ደረሱ። ናርዶስ "እማዬ!" ብላ ሮጠች። እናትየው ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ዳብሰው፣ እውነተኛ መሆኗን አረጋግጠው፣ በጥፊ አሏት። "ሞተሽ ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀስኩ ነው የመጣሁት! ምን አድርጌሽ ነው?" ከዚያ ያቺኑ ጉንጭ ደጋግመው ሳሟት።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። "ይቺ ማሽን ጃጅታለች!" አሉ ጋሽ ኪሩቤል፤ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ነጠላዎቹ ተገለበጡ። ሶፋው ከመኝታ ቤት ይውጣ ተባለ፤ ኢዮስያስና ሮቤል ተሸክመውት በሩ ላይ ተቀርቅረው እየተሳሳቁ ቀሩ። እማማ ሶልያና "ሽሮው ተፈጭቷል፣ ድስቱ መጥቷል፣ ታዲያ ጾማችንን ልንሄድ ነው?" አሉ። ሁሉም አለ። ማንም አልጎደለም።

ናርዶስ በርበሬ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጉንጯ ገና ከጥፊው ይሞቃል። መደርደሪያውን ከፈተች። የበርበሬው ማሰሮ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከአጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ ቀይ ጣሳ ተደፍቶ ተቀምጧል።

ጣሳውን አነሣችው። ውስጡ ባዶ ነው፤ አምና ታጥቦ እንደተቀመጠ ነው። ዘንድሮ ለያብስራ ስንቅ አልተላከም። በየዓመቱ እትዬ "የልጁ ስንቅ፣ የኔ ልጅ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ" ትላታለች፤ ዘንድሮ አላለቻትም። ስላላለቻት እናቱ ረሳችው።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "የያብስራን ስንቅ መቼ ነው የምልከው?"

እትዬ መልስ አጥታ አታውቅም ነበር። አሁን ዝም አለች።

ጃጅታ ነው፤ ዛሬ ስንቱን አሳስታ የለ፤ ይህንንም ረስታው ነው። ናርዶስ እንዲህ እያለች ደወለች። እንዲህ በማለዳ ያብስራን የቀሰቀሰው ሰው የለም፤ በልጅነቱ ውኃ ረጭታበት ነበር የምታስነሣው። ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሣ።

"እማዬ፣ ደህና አደርሽ" አለ። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ እንቅልፍ የሚባል የለበትም። "በልቻለሁ።"

"ያብስራ" አለች። ከሳሎን የኢዮስያስ ሳቅ ይሰማል። "ልጄ፣ የላክሁልህ ስንቅ ደረሰህ?"

"ደርሶኛል እማዬ። በጣም ይጣፍጣል። እግዜር ይስጥልኝ።"

ናርዶስ ባዶውን ጣሳ በደረቷ እንዳቀፈች ቆመች። ልጁ ሌላ ነገር ይል እንደሆነ ጠበቀች። እናቱ እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን ይዞ በትዕግሥት ዝም አላት፤ የሷ ያብስራ ይህን ያህል ታግሦ አያውቅም። ዘጋችው።

ወደ ሳሎን ስትወጣ መጀመሪያ ያዩዋት እናቷ ነበሩ። ሳቃቸው ቆመ። ቀጥሎ እማማ ሶልያና ነጠላቸውን ቀስ ብለው መልሰው አዘቀዘቁ። ሮቤል ጀርባውን እንደሰጣት የሶፋውን ጫፍ ይዞ፣ ከወንድሙ ጋር እየታገለ፣ እየሳቀ ነበር።

"ሮቤል" አለችው። "አስቀምጠው። ና እስቲ፣ እኔ ጋ ቁጭ በል።"